ሰማዩን ያጠፍኩበት ሥዕል

አንዳንድ ሰው የድሮውን ሲያወራ ናፍቆት ይይዘዋል፤ እኔን የሚይዘኝ ማቅለሽለሽ ነው። አሁን የተቀመጥኩት ስለ አንድ ሥዕል ልጽፍ ነው። ሥዕሉ ቆንጆ ነበር። የሰው እጅ ከሠራው ነገር በዕድሜዬ እንደሱ ያማረ አላየሁም። ግን እሱን ባስታወስኩ ቁጥር በዙሪያው የነበሩት ሰዎች፣ የክፍሉ ሽታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄ የገዛ እጄ አብረው ይመጡና ምራቄ ይመርራል። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንባቢም ቀስ ብሎ ቢከተለኝ ደስ ይለኛል።

አናጢ ነኝ። በደርግ ጊዜ ፒያሳ፣ ከውቤ በረሃ ከፍ ብሎ በነበረ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር። ድሮ አልጋና ቁም ሣጥን፣ የቡና ቤት ባንኮኒ የምንሠራ ሰዎች በዚያን ዘመን ዋናው ሥራችን ፍሬም ሆነ። የመሪው ፎቶግራፍ ፍሬም። መሥሪያ ቤቱ፣ ቀበሌው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ መስቀል አለበት። ልኩ አንድ ነው፤ ወርዱ ሰባ ሴንቲ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር። አንድ ዓይነት ጣውላ፣ አንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም፣ አንድ ዓይነት ፊት። መስታወት ደግሞ በጨርቅ አይወለወልም፣ ክር ይተውበታል፤ እፍ ብለህ ትተነፍስበትና በጋዜጣ ትፈትገዋለህ። እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ያንን ፊት በአፌ ትንፋሽ እያሞቅኩ ስፈትግ እውላለሁ። ምሳዬን ስከፍት ከእንጀራው ፊት ያ ፊት ድቅን ይልብኛል። ስንት ቀን ሳልበላ ዘግቼዋለሁ።

ቀበሌያችን ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይኖርበት በነበረ ቪላ ውስጥ ነበር። ፈረንጁ ሰዓት ሠሪ ነበሩ አሉ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቪላውም ተወረሰ፣ እሳቸውም አገር ለቀው ሄዱ። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሏቸው ሴትዮ ግን ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ቀሩ። ቀበሌውም የቤቱን ጠባይ ያውቃሉ ብሎ እዚያው ጽዳት አደረጋቸው። እማማ እንላቸው ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የታጠበ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የሄድኩት የመሪውን ፎቶግራፍ ልሰቅል ነው። ሳሎኑን የስብሰባ አዳራሽ አድርገውታል። ወለሉ ፓርኬ ነበር፤ እንጨቱ እንደ ሴት ሹሩባ ተጋድሞ የተሠራ፣ እጄን ቢቆርጡኝ እንደሱ አድርጌ የማልሠራው። ያ ወለል ላይ ሲጋራ በጫማ ይደፈጥጡበታል። አንዱ ጥግ ላይ አክታ አየሁ፤ የደረቀ፣ የሰነበተ። ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ አይተፋም። የእርጥብ ካፖርት ሽታ፣ የጭስ ሽታ፣ ደግሞ ተዘግቶ የዋለ የብዙ ሰው አፍ ሽታ። መሰላሌን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ።

«አመመህ እንዴ ልጄ?» አሉኝ እማማ ከኋላዬ። መጥረጊያ ይዘዋል።

«የለም እማማ፣ ሽታው ነው።»

«ሽታውንስ ከለመድከው አንተም መሽተት ጀምረሃል ማለት ነው። ባትለምደው ይሻላል።» ከዚያ ክንዴን ያዙና ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። «እዚህ ጋ ቁም። አሁን ወደዚያ እይ።»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። በዘይት ቀለም በሸራ ላይ የተሠራ ትልቅ ሥዕል። ከታች ጥቂት መሬት አለ፤ የጭቃ መንገድ፣ ጎማው እስከ ግማሹ ጭቃ የዋጠው ጋሪ፣ አንድ ግራጫ ፈረስ፣ ጋሪውን በትከሻው የሚገፋ ሰው፣ ራቅ ብሎ ውሃ ውስጥ የቆሙ ሁለት ላሞች። ይሄ ሁሉ ከሥዕሉ ግማሽ አይሞላም። የቀረው ሰማይ ነው። ሰማይ ብቻ። ደመናው ተራራ አክሎ ከግራ በኩል ተነሥቶ ይመጣል፣ ሆዱ ጠቁሮ ጫፉ ነጥቶ፣ በመካከሉ በአንዲት ቀዳዳ የሚወርድ ብርሃን መሬቱን ሳይነካ አየር ላይ ይቀራል። እኔ ሰማይ እንዲህ መሣል የሚችል ፍጡር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጠጋ ልል ስል እማማ ልብሴን ያዙኝ።

«አትጠጋ! ቅርብ ሆነህ ብታየው ቀለም ነው። ልጥፍጥፍ ብሎ ታየውና ትንቀዋለህ። ጌታዬ አንድ ቀን ወንበራቸውን እዚህ፣ አንተ የቆምክበት አድርገው "አንቺም ተቀመጪና እዪ" አሉኝ። ፒያሳ ገና ጫካ ሳለች የተሣለ ነው አሉኝ። አንድ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ደመናውን እያየ።»

«ዝናቡ ዘንቦ አልፎ ነው እማማ። መንገዱ ጨቅይቷል እኮ።»

«የትናንቱ ዝናብ ነው ያጨቀየው። የዛሬው ገና እየመጣ ነው። ላሞቹን አታይም? ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተዋል። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፣ ላምን ለእኔ ተዋት። ያ ሰው ዝናቡ ሳይደርስበት ጋሪውን ለማውጣት ነው የሚታገለው። ይደርስበታል አይደርስበትም እያልኩ ሃያ ዓመት አቧራውን ጠረግሁ።» አቧራውን የሚጠርጉት በዶሮ ላባ ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ አስነክተውት አያውቁም። ሲሄዱ ጌታቸው "ሥዕሉ ያንቺ ነው" ብለዋቸው ነበር፤ ግን በቃል ነው፣ ምስክር የለም፣ ቀበሌው ከዕቃው ጋር መዝግቦታል። እሳቸውም አልተከራከሩም። «የት ልሰቅለው? የእኔ ክፍል ጣሪያው ራሴን ይነካል። እዚሁ ይሁንልኝ፣ ብቻ አይንኩብኝ» አሉ።

የመሪውን ፎቶግራፍ ከሥዕሉ አጠገብ ሰቀልኩት። ሌላ ቦታ አልነበረም፤ አንዱ ግድግዳ መስኮት ነው፣ አንዱ በር ነው፣ በአንዱ ላይ ሦስቱ የውጭ አገር ጺማሞች ተደርድረዋል። የሚያሳፍር ነገር ነበር። ከዚያ ሰማይ ጎን ያ ቡናማ ፍሬም። የራሴ ሥራ ነው፣ ግን እንደ ትፋት ጠላሁት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነበር። ነዋሪው ይሰበሰባል፣ ካድሬው ያስተምራል። ካድሬው ገና ወጣት ነው፣ አፉ ውስጥ ሁልጊዜ መፋቂያ አለ። አንድ ቅዳሜ ጋዜጣው አልመጣም መሰለኝ፣ የሚያስተምረው አጣና ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ዐረፈ። ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ጫፉ ታኝኮ ረጥቧል፤ ምራቁ ይታያል። በዚያው መፋቂያ አንደኛዋን ላም ነካት። እማማ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጓዶች! ይህ ሥዕል ምን ያሳየናል?»

መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ይህ ገበሬ ለማን ነው የሚያርሰው?»

«ጓድ፣ አያርስም እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አራዳ ተወልዶ አራዳ ያረጀ፣ አፉ የማያርፍ ጎረቤታችን ነው። «ጋሪው ጭቃ ገብቶበት ነው የቆመው።»

«ጋሪውስ የማን ነው? የፊውዳሉ! ላሞቹስ? የፊውዳሉ!» እያንዳንዱን ሲል መፋቂያውን ይወጋል። ጋሪው ላይ አንድ፣ ላሟ ላይ ሁለት፣ የምራቅ ነጥብ ያብለጨልጫል። ዓይኔን ከነጥቡ ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

«ወይ ፊውዳል! ላም መመገብስ ያውቅበት ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «የእኛ ሰፈር ላም ብትሆን ኖሮ ይኼኔ ቆዳዋ ብቻ ነበር የሚሣለው።»

ሰዉ በአፍንጫው ሳቀ። ካድሬውም ከንፈሩን ገለጥ አደረገ፤ ቀልድ እንደሚችል ሊያሳይ ነው።

«ሰማዩስ ጓድ? ሰማዩ የማን ነው?» አለች አንዲት ሴት፣ ከልቧ።

«ሰማዩ ባዶ ነው። ሠዓሊው የጭቁኑን ብሶት እንዳያሳይ በደመና ሸፈነው። እዩት፣ ከግማሽ በላይ ባዶ!» አለና በመዳፉ ሰማዩን መታው። ሸራው እንደ ከበሮ ድም አለ።

ፀጉር አስተካካዩ እዚህ ላይ ዝም ቢል ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ። ግን የአራዳ ልጅ የመጣለትን ቀልድ መዋጥ አይችልም። «እኔን የሚገርመኝ» አለ፣ «ለሁለት ላም ይህን የሚያህል ሰፊ ቦታ ተሰጥቶ መሪያችን ከጎን በጠባቡ መግባታቸው ነው። የቤት እጥረቱ እሳቸውንም ነካቸው ማለት ነው።»

ሳቁ ተነሣና መሐል ላይ ሞተ። ሁላችንም ወደ ጫማችን አየን። ካድሬው ግድግዳውን አየ፤ ሥዕሉን፣ ፎቶግራፉን፣ እንደገና ሥዕሉን። መልኩ ተለወጠ። ስንት ጊዜ እዚያ ስር ቆሞ ሲናገር አላስተዋለውም ነበር።

«ጓድ አናጢ፣ እውነት ይበልጣል እንዴ?» አለኝ።

አሁን የምናገረውን ሳስበው ነው እጅግ የምጠየፈው። "እኩል ናቸው" ማለት እችል ነበር። "ለክቼ ልንገርህ" ማለት እችል ነበር፤ ሜትሮዬን ቤት ረስቼ ነበርና እስከ ሳምንቱ ይረሳው ነበር። ግን እኔ አንድ ኩራት አለኝ፤ በዓይኔ እለካለሁ። ሳልነካ ከሩቅ አይቼ ሴንቲ አልስትም። ማኅበራችን ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ደረቴ ተነፋ።

«በወርድም በቁመትም በሠላሳ ሠላሳ ይበልጣል» አልኩ። «ሥዕሉ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሠላሳ ነው።»

ልክ ነበርኩ። አንድ ሴንቲ አልሳትኩም።

በማግሥቱ ተጠራሁ። ሐሙስ ቀን ከበላይ እንግዳ ይመጣል፤ ካድሬው እንቅልፍ አጥቷል። እኔም ከአፌ ያመለጠውን ልመልስ ብዬ ብዙ አልኩ። «ሥዕሉን ሌላ ክፍል እንስቀለው» አልኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መዝገቡን ገለጠ፤ ጣቱን እየላሰ ነው ገጽ የሚገልጠው፣ የገጾቹ ጫፍ ጠቁሯል። «"ሳሎን፣ ሥዕል አንድ" ነው የሚለው። ከሳሎን ለማውጣት ከበላይ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እስከ ሐሙስ አይደርስም።»

«እንግዲያው ለመሪው ሰፋ ያለ ፍሬም ልሥራላቸው።»

«ልኩ ከላይ የመጣ ነው» አለ ካድሬው፣ ደንግጦ። «አንተ ነህ የመሪውን ልክ የምትወስነው? ሥዕሉን ቁረጠው። ሰማዩን ቁረጥ። ላሞቹና ገበሬው ከቀሩ ምን ጎደለ?»

«የተመዘገበ ንብረት እንዴት ይቆረጣል?» አልኩ፣ ወደ ንብረት ክፍሉ ዞሬ። ይሄ ያድነኛል ብዬ ነበር።

ሰውዬው መዝገቡን ደግሞ አየ። «"ሥዕል አንድ" ይላል እንጂ ልኩን አይልም። ብትቆርጠውም አንድ ነው።» መዝገቡን ዘጋ። ደስ ብሎት ነበር፤ የሰው ችግር እንደፈታ ሰው እጁን አሻሸ። ያንን የእጅ መሻሸት ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ደረቅ፣ እንደ እባብ ቆዳ።

ሥዕሉን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩት። ሳልቀመጥ እማማ ደረሱ። ሩጫ በማያውቀው እግራቸው ሮጠው ነው የመጡት፤ በሩን ይዘው እስኪተነፍሱ ጠበቅሁ።

«ልትቆርጠው ነው አሉኝ።»

«ታዝዤ ነው እማማ።»

«ሰማዩን ብትቆርጠው የሚቀረው ጭቃ ነው እኮ። ጭቃና ላም። ያ ሰውዬ ለምን እንደሚታገል ማን ያውቃል? ዝናቡ ከሌለ ለምን ይቸኩላል?» የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ልጅ የለኝም። ንብረት የለኝም። ጠዋት ጠዋት እሱን አይቼ ነው ቀኔን የምጀምረው። የእኔ ይሁን አላልኩም። እንዳለ ይሁን ነው ያልኩት። እግርህ ላይ ልውደቅ?»

«ተዉ እማማ፣ ተዉ። አልቆርጠውም።»

«ማልልኝ።»

«ቢላዋ አላስነካውም።» ይሄን ማልኩ። ቃሌንም አላፈረስኩም፤ ሞኝ ሰው የሚምለው እንዲህ ነው።

ያሰብኩት ይሄ ነው። ሸራ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ይታጠፋል። ሰማዩን ወደ ኋላ አጥፌ ከጀርባው በሚስማር ብይዘው፣ ከፊት ላሞቹና ጋሪው ብቻ ይታያሉ፣ ቁመቱ ሰባ ሴንቲ ይሆናል፣ ሰማዩም ከኋላ ተደብቆ ይቀመጣል። ቀን ሲለወጥ ተዘርግቶ ይወጣል። እንዲያውም ከእነዚያ የመሪው ፍሬሞች አንዱን አግድም አዙሬ ብጠቀም ልክ ይገባል። በብልጠቴ ተደሰትኩ። እጥፋቱ ተፈትቶ እንደሚረዝም የልጅ ሱሪ አድርጌ ነው ያየሁት። እንጨት እንጂ ሥዕል አላውቅም። ያ ቀለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲደርቅ ቆይቶ ሸክላ እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ዝገት የበላቸውን ሚስማሮች በጉጠት አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከጀርባው በፈረንጅ እጅ የተጻፈ ጽሕፈት አለ፤ አሥራ ስምንት መቶ እያለ የሚጀምር ዓመተ ምሕረት፣ ከሥሩ ማንበብ ያልቻልኩት ሁለት ቃል። ሸራውን በፊቱ ደፍቼ ቀጥ ያለ እንጨት አደረግሁበትና ቀስ ብዬ አጠፍኩ። ምጣድ ላይ ጨው ሲፈነዳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ አለ። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ።

ገልብጬ አየሁት። ብርድ ልብሱ ላይ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነገር ተበትኗል፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ግራጫ። ያ ብርሃን የሚወርድበት ቀዳዳ የነበረበት ቦታ ጭራሽ የለም፤ ሁለት ጣት የሚያህል ራቁት ጨርቅ ዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ቅርፊቶቹን ልለቅም ስል በጣቴ ሥር ደቀቁ፤ የእጄ ላብ ያዛቸውና ጣቴ ላይ ተለጠፉ። ሳሙና ወስጄ ታጠብኩ። ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ። እስከ ሳምንት ድረስ በእጄ ጎርሼ እንደሆነ እንጃ።

የቀረውን አጥፌ ጨረስኩት። ምን ላድርግ? የተበላሸው ከኋላ ነው፣ ከፊት አይታይም። ኮምፔርሳቶ በሚባለው ስስ ጣውላ ሸፍኜ ሚስማር መታሁበት። ረቡዕ ስሰቅለው እማማ ከሥር ቆመው መሰላሉን ይዘውልኝ ነበር።

«ሙሉ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ከኋላ አለ እማማ» አልኩ። «አልተቆረጠም።»

መሰላሉን ለቀው ጉልበቴን ሳሙት። ወርጄ ብተፋ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ እንግዳው መጡ። ወንበር በጨርቅ ተሸፍኖላቸዋል፣ ጠርሙስ ተደርድሮላቸዋል። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ለስላሳቸውን ጠጡ፣ አገሱ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሄዱ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው ግድግዳውን አላዩም። ያዩት ነገር ቢኖር ኬክ ነበር፤ ፍርፋሪው ፓርኬው ላይ ተረግጦ ቀረ። ካድሬው ላቡን እየጠረገ «በጣም ጥሩ ሆነ ጓድ አናጢ፣ አሁን ሥዕሉም መልክ ያዘ» አለኝ። መፋቂያው በአፉ ነበር። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «እሺ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አለፈ። በየቅዳሜው ያንን የተጎመደ ነገር ፊት ለፊት እያየሁ ተቀመጥኩ። እማማ ልክ ነበሩ፤ ሰማዩ ከሄደ ወዲያ ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ጅል መሰለ። ፈረሱም፣ ላሞቹም ዝም ብሎ የተገተረ ከብት ሆኑ። ሴትዮዋ ግን አልከፋቸውም። ጠዋት ጠዋት ፊቱን በላባ ይጠርጉና እጃቸውን በፍሬሙና በግድግዳው መሐል አሾልከው ጀርባውን ይዳስሱታል። አንድ ቀን ሰማኋቸው፤ «አለህ ወይ?» ይሉታል። እኔን ሲያገኙኝ በዓይናቸው ይስቁልኛል፤ ምስጢር እንዳለን። በፋሲካ ዳቦ ይልኩልኛል። ልንገራቸው እያልኩ፣ ዛሬ እያልኩ፣ ነገ እያልኩ። ፀጉር አስተካካዩን ብቻ ነው የነገርኩት። መላጩን አስቀምጦ «እኔ ቀለድኩ፣ አንተ ለካህ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላነሣንም።

ግንቦት ላይ መንግሥት ሲወድቅ ካድሬው የት እንደገባ አልታወቀም። የቀበሌው በር ተከፍቶ ቀረ። ወረቀቱ ግቢ ውስጥ ይበራል፣ ወንበር የተሸከመ ሰው ያልፋል፣ የእኔ ፍሬሞች መንገድ ላይ ተጥለው መስታወታቸው ይፈጫል። እማማ ቤቴ ድረስ መጡ። ነጠላቸውን አደግድገዋል።

«ና ልጄ። ጉጠትህን ያዝ። አሁን ዘርጋው።»

ከቤቴ እስከ ቪላው ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ አይሞላም። አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ አሥር ጊዜ ዘጋሁት። ሳሎኑ ባዶ ነበር። ሥዕሉን አወረድኩት፣ ወለሉ ላይ ደፋሁት፣ ኮምፔርሳቶውን ነቀልኩ። ገና ነቅዬው ሳልጨርስ ሽታው መጣ፤ የሻጋታ ሽታ። ያ ግድግዳ ዝናብ ያስገባ ነበር፤ ስድስት ክረምት ሙሉ ጠጥቶታል። ዘረጋሁትና ገለበጥኩት።

ሰማይ የለም። ዳር እስከ ዳር እንደ ጭርት የተላጠ መስመር፣ ከሱ በላይ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ፣ ደመናው የቱ ሻጋታው የቱ እንደሆነ የማይለይ። አንድ ነጭ ትል ከመታጠፊያው ወጥቶ ፓርኬው ላይ ሲሄድ አየሁ።

እማማ መስኮቱ ጋ፣ ቦታቸው ላይ ቆመው ነበር። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ሻጋታው የክረምቱ ነው» አሉ። «መስመሩስ?»

«መስመሩ ያኔ ነው። ሳጥፈው።»

«ያኔ አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ቢሰድቡኝ ተመኘሁ። «በየጠዋቱ ስዳስሰው አይተኸኛል» አሉ ብቻ።

«እማማ፣ ላጥበው፣ ቀለም የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ላስጠግነው...»

«መልሰህ እጠፈው።»

«እማማ...»

«እጠፈው አልኩህ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ይሄን አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም።»

ተንበርክኬ አጠፍኩት። በዚያው መስመር ላይ ነው የታጠፈው። በዚህኛው ጊዜ ድምፅ አላሰማም፤ የሚሰበር አልቀረበትም። ሻጋታው እጄን እስከ አንጓዬ አረንጓዴ አደረገው። ሚስማር ልመታ ስል «ተወው» ብለው ከእጄ ወሰዱት። ልሸከምልዎ ብል በክርናቸው መለሱኝ። ክንዳቸው የማያዳርሰውን ነገር አቅፈው፣ ጓሮውን በጎን በጎን እየተራመዱ አቋረጡ፣ ሰርቪስ ቤታቸው በር ላይ በአንድ በኩል አስገብተው፣ በሌላ በኩል ጎትተው ገቡ፤ በሩንም ዘጉ።

እኔ እጄን ልታጠብ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። ውኃው ጠፍቶ ነበር።